«የሚያበራ» እና «የሚያንጸባርቅ» አንድ አይደሉም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ስለ ጥልቅ ባሕር ዓሦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጣም ወድጄዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንድ ቃል ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ፤ «ሰውነታቸው የሚያንጸባርቅ ዓሦች» ይላል። አያንጸባርቁም እኮ! መስታወት ያንጸባርቃል፣ ውሃ ያንጸባርቃል፣ ጨረቃም የምታሳየን የፀሐይን ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት የሚኖር ዓሣ የማንን ብርሃን ነው የሚያንጸባርቀው? እነዚህ ዓሦች ራሳቸው ያበራሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያበሩላቸዋል። የዚህ ዓይነቱ ብርሃን የራሱ ስም አለው፤ ሉሚነሰንስ ይባላል።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው አይልሃርድ ቪደማን የተባለ ጀርመናዊ ፊዚሲስት ነው። መነሻው «ብርሃን» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። ሰውየው መለየት የፈለገው በግለት የሚመጣውን ብርሃን በሌላ መንገድ ከሚመጣው ነበር። ብረት እሳት ውስጥ ሲቆይ ይቀላል፤ የድሮው አምፖል ሽቦም ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ነው የሚያበራው፣ አብዛኛው ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሉሚነሰንስ እንዲህ መጋል አያስፈልገውም። አንድ አቶም ወይም ሞለኪዩል ከኤሌክትሪክ፣ ከሌላ ብርሃን፣ ከኬሚካል ለውጥ ወይም ከጨረር ጉልበት ሲያገኝ ኤሌክትሮኖቹ ከፍ ወዳለ የጉልበት ደረጃ ይወጣሉ፣ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ደግሞ ትርፉን በብርሃን መልክ ይለቁታል። «ቀዝቃዛ ብርሃን» የሚሉትም ለዚህ ነው። አሁን ቤቱን ሁሉ የሞላው ኤልኢዲ አምፖል የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

«በአንድ ቃል ምን ያጨቃጭቃል?» የሚለኝ ሰው ካለ የመንገድ ሠራተኞችን ሰደርያ ይመልከት። ሰደርያው ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ደማቁ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ ፍሎረሰንት ነው፤ ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ተቀብሎ በሚታይ ቀለም ይሰጠናል፣ ስለዚህ ቀን ላይ፣ በተለይ ሲዳምንና ሲመሻሽ፣ ከሩቅ ደምቆ ይታያል። ግራጫዎቹ ጥብጣቦች ግን አንጸባራቂ ናቸው። ሥራቸው የመኪናን መብራት ወደ መጣበት መመለስ ነው። ሲጨልም አልትራቫዮሌቱ ስለማይኖር ቢጫው ጨርቅ ያን ድምቀቱን ያጣል፤ ያኔ ሰውየውን የሚያሳየው ጥብጣቡ ነው። ሁለቱንም «አንጸባራቂ» ብለን ከጠራናቸው፣ ጥብጣብ የሌለው ደማቅ ቢጫ ቲሸርት ለብሶ በሌሊት ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሾፌሮች በደንብ የሚያዩት ይመስለዋል። ሰው ሊሞት ይችላል በዚህ።

«ፎስፈረስ» የሚለውም ያስቸግራል። መብራት ሲጠፋ አረንጓዴ ሆነው የሚቆዩትን አሻንጉሊቶችና የመውጫ ምልክቶች ብዙ ሰው ፎስፈረስ ነው የሚላቸው። ነጭ ፎስፈረስ መርዝ መሆኑን የሰሙ ወላጆችም ይደነግጣሉ። እውነታው ግን ሌላ ነው። በዛሬዎቹ አሻንጉሊቶች ውስጥ በብዛት የሚገባው ዚንክ ሰልፋይድ ወይም ስትሮንሺየም አሉሚኔት ነው፤ ብርሃን ተቀብሎ ያስቀምጥና ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ ይህም ፎስፎረሰንስ ይባላል። ነጭ ፎስፈረስ ደግሞ የሚያበራው ከኦክስጅን ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። ስማቸው ተቀራረበ እንጂ መንገዳቸው ለየቅል ነው።

እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ሌሊት ብልጭ ድርግም የምትለው ጥንዚዛ ነገር ነው። ሆዷ ውስጥ ሉሲፈሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሉሲፈሬዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ከኦክስጅንና ከኤቲፒ ጋር ሲገናኝ ብርሃን ይወጣል። ኤቲፒ ሕይወት ባለው ሴል ሁሉ ውስጥ ያለ የጉልበት ምንጭ ነው። እና ሰዎች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ይህንኑ ለንጽሕና ምርመራ አዋሉት። በምግብ ፋብሪካና በሆስፒታል የተጸዳውን ጠረጴዛ በጥጥ ይጠርጉና ጥጡን ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች ጋር ያገናኙታል፤ ብርሃኑ በርትቶ ከታየ ጠረጴዛው ላይ የምግብ ቅሪት ወይም ጀርም ቀርቷል ማለት ነው። ውጤቱ በሰከንዶች ውስጥ ይታወቃል። ጄሊፊሽ ከሚባል ለስላሳ የባሕር እንስሳ የተገኘው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲንም በሕይወት ባለ ሴል ውስጥ የሚሆነውን ለማየት ስላስቻለ ሳይንቲስቶቹ ሺሞሙራ፣ ቻልፊ እና ቺየን እ.ኤ.አ. በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነሱ «ሉሚነሰንስ፣ ማለትም ሳይግል የሚወጣ ብርሃን» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ አንባቢ ይለምደዋል። ዓሦቹን ደግሞ «አብሪ ዓሦች» በሏቸው፤ አጭር ነው፣ ማንም ይገባዋል። የሚቀጥለውን የሳይንስ ዓምድ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ