የድራማ ክበብ ዘንድሮ፦ ዘበኛውን እንዴት እንለፈው?

የክበባት ዘገባ በቁጥር ነው የሚጀምረው። ልማዱን ላለማፍረስ እኔም በቁጥር ልጀምር። ጥቅምት ላይ 31 ነበርን። ታኅሣሥ ላይ 24። ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ 17 ቀረን። የሄዱትን አልቀየምኩም። ግማሾቹ ማጠናከሪያ ትምህርት አለባቸው። ግማሾቹ ደግሞ ድራማ ማለት መድረክ ላይ ወጥቶ መጨብጨብ ብቻ መስሏቸው ነበር። አንድን ዐረፍተ ነገር አርባ ጊዜ መድገም እንዳለበት ሲያዩ ቀስ ብለው ተንሸራተቱ።

በሰንደቅ ዓላማ ቀን ግጥም አቀረብን። በወላጆች ቀን ሻይና ቆሎ ሸጠን የመጋረጃ ጨርቅ ገዛን። ልጆቹ የተመኙት እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያለ መጋረጃ ነበር። ገንዘባችን የደረሰው ሁለት አንሶላ ጋ ነው። ሌላውን ልዝለለውና ወደ መቅደላ ልሂድ፤ ዓመቱን ሙሉ የኖርነው እዚያ ነውና።

ሐሳቡን ያመጡት የ11ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ምኒልክ ከመቅደላ ያመለጠበት ሌሊት። ነገሩ አጭር ነው። በ1848 የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ የ11 ዓመት ልጃቸው አፄ ቴዎድሮስ እጅ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ልጁን በወግ አሳደጉት። ኋላም ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። ሁሉ ነገር ነበረው፤ መውጫ ብቻ አልነበረውም። ሰኔ 1857፣ 21 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው፣ ከወዳጆቹ ጋር በሌሊት ሾልኮ ወሎ ገባ።

የመጀመሪያው ቀን አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። “ቲቸር፣ ይሄ የወሎና የሸዋ ታሪክ ነው። ጣና ዳር ላለነው ምናችን ነው?” አለኝ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ሰማዩ ሲጠራ ዘጌ ከክፍላችን ይታያል። “ምኒልክ ባመለጠ በዓመቱ ቴዎድሮስ እዚያ ሰፍረው ነበር” አልኩት። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ማዶ ቆራጣ ነበር የተቀመጠው። በ1858 ሚያዝያ ላይ አገሬ ልግባ ብሎ ለስንብት ሲመጣ ዘጌ ላይ ተያዘ። በኋላም ከነጓደኞቹ መቅደላ ወጣ። አንዱ ያመለጠበት አምባ ሌላውን የተቀበለው ከዚህችው ሐይቅ ዳር ነው። ልጁ ብዙ ደቂቃ ዘጌን ሲያይ ቆየ። በማግሥቱ መጥቶ “ዘበኛውን እኔ ልጫወት” አለኝ። ዘበኛ የሚባል ሚና ያኔ ገና አልጻፍንም ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቅ ዕቅድ ነበረው። ሦስት ወዳጆች በጧፍ ብርሃን ይዶልታሉ። (ጧፉ ቢጫ ፌስታል የተጠቀለለበት የስልክ መብራት ነው።) ስለዚያ ሌሊት የሚነገረው ግብዣ እንደተደረገና ጠባቂዎቹ ጠጥተው እንደተዘናጉ ነው። ልጆቹ ይህችን ይዘው ዘበኛውን ጅል አደረጉት። ገባ፣ ጠጣ፣ አንኮራፋ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔም ስቄያለሁ። ምኒልክ በጣቱ ቆሞ ሲወጣ ግን የማንም ልብ አልተንጠለጠለም። አንዷ ልጅ እንዲያውም ማስቲካዋን ትልጥ ነበር።

“መቅደላ እኮ ዙሪያዋን ገደል ናት” አልኳቸው። “በሯ ሁለት ነው፤ ኮኪት በርና ካፊር በር። ቴዎድሮስ ግምጃ ቤታቸውንና እስረኞቻቸውን እዚያ ያወጡት በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለ በር ላይ ጅል ያቆማሉ?” ልክ ነው አሉ። ታዲያ ምን እናድርግ አሉ። እውነቱን ለመናገር መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር።

አሁን የምጽፈው ለመጽሔት ይሆናል አይሆንም ብዬ ብዙ አመነታሁ። የሚመለከታቸው ሁሉ “ጻፈው” ስላሉኝ ጻፍኩት።

የግቢያችን ዘበኛ ከ11 ሰዓት በኋላ አዳራሹን ለማንም አይከፍቱም። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። ለእኔም አይከፍቱም፤ ሞክሬያለሁ። የካቲት ውስጥ በአንድ ሐሙስ ልጆቹ ጎራዴና ቡሉኮ አዳራሽ ውስጥ ረሱ። ወይም ረሳን ነው የሚሉት። ከውሃ ቧንቧው ጀርባ ተሰብስበው ዶለቱ። የወሎዋን ገዥ ወርቂትን የምትጫወተው ልጅ በሩ አጠገብ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ሁለቱ ይጮሃሉ። ጋሼ ወደሷ ሲሮጡ ሌሎቹ ሁለት ከጥበቃ ቤቱ ሚስማር ላይ ቁልፉን ያነሣሉ።

እንዳሉትም ሆነ። ልጅቱ ወደቀች። ጋሼ ዱላቸውን ጥለው ሮጡ። ጋቢያቸውን አውልቀው ከራሷ ሥር አደረጉ። “ውሃ አምጡ!” ሲሉ የሚያመጣ የለም፤ ጯሂዎቹም ወደ አዳራሹ ሮጠዋል። ዕቅዱ እስከዚህ ድረስ ነበር። ከዚህ በኋላ ጋሼ ምን እንደሚያደርጉ ያሰበ አልነበረም። ልጅቱን ተሸክመው አስፋልት ወጡ። ባጃጅ አስቆሙ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ኪሳቸውን ሲዳብሱ ሰማች። “ያለችኝ ይቺው ናት፤ ቀሪውን ነገ እሰጥሃለሁ። ብቻ ፈጠን በል” ሲሉ ሰማች። ያኔ ብድግ ብላ ተቀመጠች። እያለቀሰች ሁሉንም ዘረገፈችው።

ቢቆጧት ይሻል ነበር ትላለች። አልተቆጡም። ሹፌሩን “አውርደን” አሉት። በእግራቸው ተመለሱ፤ እሷ ከኋላ ከኋላ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው “ነገ የምርሽን ብትወድቂስ?” አሏት። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ዓርብ ጠዋት አምስቱም አንገታቸውን ደፍተው ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ይዣቸው ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቁ። የባጃጁን ሒሳብ አዋጥተው ከፈሉ። ሁለት ሳምንት ችግኝ ውሃ አጠጡ፤ ይኼን የፈረድኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ቅጣቱም ይቅርታውም ብዙ አልገዳቸውም። “ለመሆኑ ምን ልትሠሩ ነው ይኼ ሁሉ?” አሉ። ነገርናቸው። “እስቲ አሳዩኝ” አሉ።

ቅዳሜ መጡ። አልተቀመጡም። አንድ እግራቸው አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ሆኖ፣ ዓይናቸው ግማሹ የግቢው በር ላይ፣ ትዕይንቱን እስከ ማንኮራፋቱ ድረስ አዩ።

“ይኼ ሰውዬ ስንት ዓመት ጠብቋል?” አሉ።

ልጆቹ ተያዩ።

“ከዚያ በፊት ጠጅ አይቶ አያውቅም? እኔን በጠጅ አታልፉኝም። አክብሮ የጠራኝን ሰው እምቢ ማለት ግን ይከብደኛል። ይህቺም ስትወድቅ ምን ላድርግ? በር ነው ብዬ ዝም ልበል?”

ይህን ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ትዕይንቱን አፍርሰን እንደገና የጻፍነው በዚያ ሳምንት ነው። አሁን ዘበኛው ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል። መጀመሪያ “ተረኛ ነኝ” ይላል። ሁለተኛ እንጀራውን ተቀብሎ ዋንጫውን ይመልሳል። በሦስተኛው ወዳጅየው “የአባቴ ተዝካር ነው፤ ለነፍሱ ብለህ” ይለዋል። ተዝካሩ የእኛ ፈጠራ ነው። ግን ለነፍስ የተዘረጋ ዋንጫ የሚመልስ ሰው አላውቅም። ዘበኛው ጦሩን ግድግዳ ላይ ያስደግፋል። በሩን ዞር ብሎ ያያል። ከዚያ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይቀበላል። ወዳጅየው በዚያች ቅጽበት አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይወስዳል። ዘበኛው እያመሰገነው ፊቱን ሲያዞርለት ጀርባው ለበሩ ይሆናል።

አንድ እርምጃ ብቻ ናት። እሷን ለማስተካከል ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ልጆቹ ምኒልክ በጣም ቀስ ብሎ መውጣት ያለበት ይመስላቸው ነበር። ተመልካች ግን የሚያየው ዘበኛው የሚያየውን ነው። ዘበኛው ዋንጫው ላይ ካፈጠጠ ምኒልክ ቢሮጥም አይታይም። ይህን ያስረዳኋቸው በራሴ ውርደት ነው። ገበያ መሐል አንዱ ጫማዬ ላይ ውሃ ደፋብኝ። “ይቅርታ ጋሼ” እያለ ሊጠርግልኝ ጎንበስ ሲል፣ “ኧረ ተው፣ ግድ የለም” እያልኩ አብሬው ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ይቅርታ ጠያቂዬም ስልኬም የሉም። እስካሁን የሚያናድደኝ ማመስገኔ ነው።

ጠጁ ብርዝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ዘበኛችን ሰባት ዋንጫ ጠጥቶ ሆዱ ተነፋ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ዋንጫ ሆነ።

ስለ ወርቂት ትንሽ ልጨምር። የወሎዋ ወርቂት ምኒልክ ግዛቷ ሲገባ የገዛ ልጇ መቅደላ፣ ቴዎድሮስ እጅ ላይ ነበር። ስደተኛውን መልሳ ልጇን ማስለቀቅ ትችል ነበር። አሳለፈችው። ቴዎድሮስም ልጇን ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። በመጀመሪያው ድርሰታችን ወርቂት ረጅም ሙሾ ነበራት፤ ልጅቱም ደረት መምታቱን ወዳው ነበር። ከባጃጁ በኋላ ሙሾውን አልፈልግም አለች። በልምምድ መሐል መሬት ቁጭ አለችና ምኒልክን “አምባው ላይ ልጄን አየኸው?” አለችው። ያልተጻፈ ነገር ነው። ምኒልክ የሚመልሰው ጠፋበትና ዝም አለ። ዝምታውንም እንዳለ ተውነው።

ዝግጅታችን የቀረበው ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ገና ዱለታው ሲጀመር ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወግረው ጀመር። ሦስቱ ወዳጆች ሴራቸውን በጩኸት መከሩ። “ቀስ በል፣ ይሰማናል!” የሚለውን ጎረቤት ሳይሰማው አልቀረም። ተመልካቹ ሳቀ። ዘበኛው ለሦስተኛ ጊዜ ዋንጫውን ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ። ከኋላ አንዲት እናት “ተው፣ አትቀበል” ሲሉ ሰማሁ። ያችን ቃል ለብቻዬ ይዣት ቤቴ ገባሁ።

ጋሼ የፊት በሩ ላይ ነበሩ፤ እንደ ልማዳቸው ግማሽ ውስጥ፣ ግማሽ ውጭ። 11 ሰዓት ሲሆን ከቦታቸው አጣኋቸው። መጨረሻው ላይ ምኒልክ ከወርቂት ተሰናብቶ በአዳራሹ የኋላ በር ይወጣል፤ ሸዋ መግባቱ ነው። ወጣ። ተጨበጨበ። ተዋንያኑ እጅ ለመንሣት ሲደረደሩ ብቆጥር 16 ናቸው። ምኒልክ የለም። ጭብጨባው እየቀዘቀዘ ሲሄድ የኋላ በሩ ሲደበደብ ተሰማ። ለካ ጋሼ ዙረታቸውን ሲዞሩ በሩን ክፍት አግኝተው፣ እንደ ደንቡ ከውጭ ቆልፈውታል። ልጁ ከነጃኖው ዝናብ ላይ ቀርቷል። ሮጬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ከውጭ የጋሼ ድምፅ ይሰማል፤ ቁልፉም ይንሿሿል።

“ማነህ አንተ? ሰዓቱ አልፏል።”

“ጋሼ፣ ኧረ እኔ ነኝ! ምኒልክ!”

“ምኒልክማ ሸዋ ገባ። አሁን በዓይኔ አየሁት።”