ለጀልባ ሞተር ማንሻ የሚሆነው ዘይት ይለይ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎንደር ከተማ የጀልባ ሞተር የምጠግን አንባቢያችሁ ነኝ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ከጎርጎራ ተነሥተው በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ ወይም ዓሣ የሚያጠምዱ ባለጀልባዎች ናቸው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ከጀልባው ኋላ የሚሰቀለውን ሞተር በቁልፍ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ክፍል፣ እኛ ማንሻ ወይም ፓወር ትሪም በምንለው ውስጥ፣ ያልተገባ ዘይት እየተጨመረ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ሲበላሽ በተደጋጋሚ ማየቴ ነው።

ይህ ክፍል በእኛ ሐይቅ ላይ እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በተለይ በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ በኩል ባለው ዳርቻ የሚሠራ ነጂ፣ አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ በተጠመጠመ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ ከውኃው ማንሣትና ሥሩን መፍታት ግድ ይሆንበታል። ማንሻው እምቢ ካለ ከባዱን ሞተር በሁለት ሰው ጉልበት መሳብ ነው፤ ይህም ማዕበል ባለበት ሰዓት ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው።

አሠራሩ ከመኪና የዘይት ክሪክ ብዙም የራቀ አይደለም። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል፤ የሲሊንደሮቹም ዘንጎች ሞተሩን ይገፉታል። ዘይቱ ግፊቱን ከማስተላለፍ ሌላ ፓምፑን ያለሰልሳል፣ ከዝገት ይጠብቃል፣ አረፋም መሥራት የለበትም። ከሁሉ በላይ ግን ግፊቱን አፍነው የሚይዙትን የጎማ ሲሎች መጉዳት የለበትም፤ ስሕተቱ በብዛት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚጨምረው የፍሬን ዘይት ነው። ምክንያታቸው «ፍሬንም በሃይድሮሊክ ነው የሚሠራው» የሚል ሲሆን፣ ዘይቱም በየመለዋወጫ ሱቁ በትንሽ ዕቃ ስለሚገኝ ይቀላል። ነገር ግን ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይቶች ከነዳጅ ዘይት የተሠሩ ሳይሆኑ በግላይኮል ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ለእነርሱ ተስማሚ ሆኖ የተሠራው የፍሬን ጎማ ነው፤ የትሪም ሲል ግን በአብዛኛው ናይትራይል ከሚባለው፣ ለማዕድን ዘይት ከተመረጠው ጎማ ይሠራል። እንዲህ ያለውን ማንሻ ፈትቼ ሳይ ሲሉ አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ማስቲካ ለስልሶ፣ ከተቀመጠበት ቦይ ወጥቶ አገኘዋለሁ። ምልክቱ ቀደም ብሎ ይታያል፤ ማታ ከፍ ተደርጎ የታሰረው ሞተር ጠዋት ዝቅ ብሎ፣ ፕሮፔለሩ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ዘይቱን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ሲሎቹ በሙሉ መለወጥ፣ ውስጡም በደንብ መታጠብ አለበት። የዚህ ተገላቢጦሽ ደግሞ የባሰ አደጋ አለው፤ ከትሪም የተረፈውን ዘይት ማንም ሰው የመኪናው ፍሬን ውስጥ እንዳይጨምር አደራ እላለሁ።

ሌሎች ደግሞ ለሞተሩ ታችኛው ማርሽ የሚገባውን 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ለማንሻውም ይጠቀማሉ። ይህ ሲሉን አይበላም፤ ግን በጣም ወፍራም ስለሆነ ፓምፑ ያቃስታል፣ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ፊውዝ ይቃጠላል።

ትክክለኛውን ዘይት የሚወስነው የሞተሩ አምራች ነው። ያማሃ በመመሪያ መጽሐፎቹ የራሱን የትሪም ዘይት ወይም ዴክስሮን 2 የተባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ያዝዛል፤ ሱዙኪና ሆንዳም በአብዛኛው የዚሁ ቤተሰብ ዘይት ይጠይቃሉ። መርኩሪ የራሱን የትሪምና የመሪ ዘይት ያስቀድምና እርሱ ካልተገኘ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትን ይፈቅዳል፤ መርክሩዘር ለተባሉት፣ በጀልባው ውስጥ ለሚገጠሙት የራሱ ሞተሮች በወጡ የቆዩ መመሪያዎች ግን በትሪም ፓምፑ ውስጥ 10ደብልዩ-30 ወይም 10ደብልዩ-40 የሞተር ዘይት እንዲጨመርም ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ የጎረቤት ጀልባ የሚጠቀመውን አይቶ መግዛት አያዋጣም።

ጎንደር ውስጥ ዘይት የሚገዛ ሰው ዕቃው ላይ የተጻፈውን በጥሞና ቢያነብ ይጠቀማል። ዴክስሮን የአሜሪካው መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስ ስያሜ ሲሆን፣ ኩባንያው ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠቱን ከ2006 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ አቁሟል። እንግዲህ ዛሬ በየመደርደሪያው የሚታየው «ዴክስሮን 3» የሚል ጽሑፍ የሻጩ ቃል እንጂ የጄኔራል ሞተርስ ማረጋገጫ አይደለም። ይህ ማለት ዘይቱ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ አምራቹ የታወቀ፣ ማሸጊያው ያልተነካ መሆን አለበት ማለት ነው። ቀይ ቀለሙም ማስረጃ አይሆንም፤ ለመለያ የተጨመረ ቀለም ነውና ማንኛውንም ዘይት ማቅላት ይቻላል። ማንሻው የሚይዘው ብዙ ጊዜ አንድ ሊትር የማይሞላ ስለሆነ፣ ከታመነ ሱቅ ጥሩውን መግዛት የሚያስወጣው ትርፍ ገንዘብ ከጥገናው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሲጨመርም ሥርዓት አለው። ሞተሩ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ በመደገፊያው ይታሰራል፤ ዝቅ እንዳለ ክዳኑን መክፈት ዘይቱ በግፊት እንዲፈናጠር ያደርጋል። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጭቃና የአረም ቅሪት ተጠርጎ፣ ክዳኑ ቀስ ተብሎ ይከፈታል፤ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር ከደረሰ ይበቃል። ከዚያ ክዳኑን ዘግቶ ሞተሩን ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ማድረግ አየሩን ያስወጣል፤ መጨረሻ ላይ ልኩ እንደገና ይታያል። የሚወጣው ዘይት የወተት ሻይ መልክ ካለው ውኃ ገብቶበታል፤ ምን ዓይነት ዘይት እንደነበረበት የማይታወቅ ከሆነም ከላዩ ከመጨመር ይልቅ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በአዲስ መተካት ይሻላል። የወጣው ዘይት ወደ ሐይቁ እንዳይደፋ በጀሪካን ተይዞ ወደ ጋራዥ ይምጣ፤ የጣና ዓሣ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው።

የጀልባ ሞተር የምታስመጡና የምትሸጡ ወገኖች፣ መመሪያው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የዘይቱን ዓይነት ብቻ እንኳ በአማርኛ በአንዲት ወረቀት ጽፋችሁ ማንሻው ላይ እንድትለጥፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዝግጅት ክፍሉም ይህን ደብዳቤ ቢያወጣልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጀልባ ሞተር መካኒክ፣ ከጎንደር