ሴቶቹ የት ገቡ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሁሉም ስለ ጄኔራሎች ነው። መርከብ የሠሩት ሴቶችስ?

የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሪችመንድ ነው። ሥራዬ ብየዳ ነው። እዚህ የነበሩት የካይዘር ኩባንያ መርከብ መሥሪያዎች በዚያ ጦርነት 747 መርከቦች ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1942 አንዷን በአምስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ገጣጥመው ውኃ ላይ አወረዷት! ምስጢሩ ትልልቁን ክፍል ቀድሞ አዘጋጅቶ መበየድ ነበር። ብየዳ ደግሞ ቶሎ ይለመዳል። ስለዚህ የብየዳ መሣሪያ ይዘው የማያውቁ ሴቶች በብዛት ገቡ። ከአሜሪካ ደቡብ የመጡ ጥቁር ሴቶችም ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበሩ ግን ጥቁሮቹን በተነጠለ ቅርንጫፍ ነው የመዘገባቸው። ይሄ ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. በ1943 የልጆች መዋያ ተከፍቶላቸው ነበር። እኔ ዛሬ ልጄን ጎረቤት ትቼ ነው ሌሊት የምገባው። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ ከሥራ ወጡ። እባካችሁ፣ ቀጣዩን ጽሑፍ ስለ እነሱ አድርጉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሪችመንድ