የመዝገብ ፕሮግራማችንን መጠነኛ ማሻሻያ በተመለከተ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለክቡራን ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ የዕቃና የሽያጭ መዝገብ ፕሮግራሙ የተሠራበትን የኤር መድረክ ስለማሻሻል

በመደብራችሁና በመድኃኒት ቤታችሁ የምትገለገሉበት የመዝገብ ፕሮግራም የተሠራው አዶቤ ኤር በተባለ መድረክ፣ ማለትም አዶቤ የተባለው ኩባንያ ባወጣው፣ ፕሮግራሞች በሚሠሩበትና በሚሄዱበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ላይ ነው። ለዚህ መድረክ አነስተኛ ማሻሻያ ስለወጣ ፕሮግራሙን በአዲሱ ስሪት እንደገና አዘጋጅተናል። የምታውቁት አሠራር አይለወጥም፤ ሆኖም ከብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለደረሰን ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጥያቄው «ፍላሽ ቆሟል ሲባል ሰምተናል፤ የእኛስ ፕሮግራም ይቆማል ወይ?» የሚል ነው። ቆመ የተባለው ፋይል የምንገለብጥበት ፍላሽ ሳይሆን፣ በብሮውዘር (ድረ ገጽ በምንከፍትበት ፕሮግራም) ውስጥ ቪዲዮና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳይ የነበረው ፍላሽ ፕሌየር ነው። አዶቤ ድጋፉን ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. አቋርጦ፣ ከጥር 4 ቀን ጀምሮ በፍላሽ የተሠራ ነገር በፕሌየሩ እንዳይከፈት አግዷል። ኤርም የተገኘው ከዚያው ቴክኖሎጂ በመሆኑ ስጋታችሁ ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ ኤር ፕሮግራሙን ከብሮውዘር ውጭ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ራሱን ችሎ የሚያስኬድ ስለሆነ እገዳው አልነካውም፤ በ2011 ዓ.ም. ልማቱና ድጋፉ በሳምሰንግ ሥር ላለው ሃርማን ለተባለው ኩባንያ ስለተላለፈ፣ ማሻሻያዎቹ የሚወጡት ከዚያ ነው።

ይህን አጋጣሚ ተጠቅመን የራሳችንን አንድ ስሕተት አርመናል። የግእዝ ፊደል በየኮምፒውተሩ ላይ በተጫነው ፎንት (የፊደላትን ቅርጽ በያዘው ፋይል) እንዳይወሰን ብለን ፎንቱን ከፕሮግራሙ ጋር አያይዘነው ነበር፤ ነገር ግን የፋይሉን መጠን ለመቀነስ ስንል ፊደላቱን መርጠን ስናስገባ እንደ «ቋ» ያሉትን ዘልለናቸዋል። በዚህ መድረክ ላይ ከተያያዘው ፎንት የጎደለ ፊደል ምልክት ሳይተው ይጠፋል። በመሆኑም «ቋሚ ንብረት» የሚለው ርእስ በሪፖርታችሁ ላይ «ሚ ንብረት» ሆኖ ሲታተም ቆይቷል። በሒሳብ ሰነድ ላይ እንዲህ ያለ ግድፈት ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ስላደረስንባችሁ ችግር ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። አሁን ከ«ሀ» ጀምሮ ያለው ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ በሙሉ ገብቷል።

መዝገባችሁ የተቀመጠው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ባለ አንድ የኤስኪውላይት ፋይል (መረጃን በሥርዓት የሚያከማች የዳታቤዝ ፋይል) ውስጥ ነው። ማሻሻያው ፕሮግራሙን እንጂ ይህን ፋይል አይተካም። ቢሆንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ማስቀመጫ ላይ እንድትይዙ አጥብቀን እንጠይቃለን፤ መብራት በመሀል ቢጠፋ ወደ ነበራችሁበት መመለስ የምትችሉት በዚህ ቅጂ ነው። መድረኩ ከፕሮግራሙ ጋር ተጠቃልሎ ስለሚመጣ ለብቻው ከኢንተርኔት የምታወርዱት ነገር የለም።

ባለሙያችን በየቦታችሁ የሚመጣው ሽያጭ ከተዘጋ በኋላ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ መዘጋት ይኖርበታል። ለሥራው ክፍያ አንጠይቅም። በሚጫንበት ወቅት የአዘጋጁ ስም በድርጅታችን ስም ካልታየ «ቀጥል» የሚለውን ሳትጫኑ በቅድሚያ ደውሉልን።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ