የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ፦ ማጅራት ገትርን ሰውነታችን በምን ይዋጋዋል?

"የባዮሎጂ ክበብ ደሞ ምን ይሰራል?" ለሚሉን ዘንድሮ መልስ አለን። ዓመቱን ሙሉ የሰራነው ኢንዛይሞች፣ ማለትም በሰውነታችን ውስጥ ኬሚካዊ ስራዎችን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ የማጅራት ገትር ባክቴሪያን እንዴት እንደሚከላከሉልን ነው። ለልጆቹ ይከብዳል ያሉን ነበሩ፣ አልከበዳቸውም።

ስብሰባው እንደተለመደው ነው፣ ኮሚቴ ተመረጠ፣ ፖስተር ተለጠፈ፣ በሚኒ ሚዲያ ስለ ምልክቶቹ ተነገረ። ፈተና ሲደርስ አባላት ቀንሰውብናል። የማይክሮስኮፑ አምፖል ከተቃጠለ ቆየ፣ ጥያቄያችን ቢሮ ገብቶ እስካሁን መልስ የለውም።

የላብራቶሪው ጉብኝት ግን ሌላ ነበር። ባለሙያዋ ማይክሮኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ያለበት የደፈረሰ ቱቦ ላይ ከእንቁላል ነጭ የተገኘ ላይሶዛይም ጠብ አደረገችበት፣ ልጆቹ ተንጠራርተው እያዩት ብዙም ሳይቆይ ጠራ፣ ከቱቦው ጀርባ ያለው ጽሁፍ ሁላ ተነበበ! ይሄ ኢንዛይም የባክቴሪያውን የሴል ግድግዳ ይቆርጣል፣ በእንባችንም አለ፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው ያሳወቀው። ሁሉም ሲያጨበጭብ ድምጿን ሰምተን የማናውቅ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች፣ "ቲቸር፣ እንባችን እንዲህ ከገደለ ሰው ለምን በማጅራት ገትር ይታመማል?"

መልሱን ፍለጋ ሁለተኛው ሴሚስተር አለቀ። ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ሜኒንጎኮከስ ከግድግዳው በላይ ሌላ ሽፋን ስላለው ላይሶዛይም በቀላሉ አያገኘውም፣ ሌላኛው ኒሞኮከስ ደሞ በራሱ ኢንዛይም ግድግዳውን ቀይሮ እንዳይቆረጥ ያደርገዋል። እዚህ ላይ የሚደርስልን ደም ውስጥ ያለው ኮምፕሊመንት የሚባል የመከላከያ ፕሮቲኖች ስብስብ ነው፣ አንዱ ፕሮቲን ሲነቃ ኢንዛይም ሆኖ ቀጣዩን ይቆርጣል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ሄደው የሜኒንጎኮከስን ሽፋን የሚበሳ ነገር ይሰራሉ። ከእነዚህ ፕሮቲኖች መካከል ከሲ5 እስከ ሲ9 ከሚባሉት አንዱ የጎደለው ሰው በሜኒንጎኮከስ ደጋግሞ ሊያዝ የሚችለው ለዚህ ነው። አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ግን ኮምፕሊመንት በጣም ትንሽ ነው፣ ባክቴሪያው እዛ ከገባ ያለ አንቲባዮቲክ መመለስ የማይሆነው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

በወላጆች ቀን ይህችው ልጅ ጓደኞቿን መድረክ ላይ አሰልፋ አንዱ የቀጣዩን ካርቶን በመቀስ እየቆረጠ ኮምፕሊመንትን አሳዩ፣ እሷም ማይክ ይዛ እጇ እየተንቀጠቀጠ እስከመጨረሻው አስረዳች። እውነት ለመናገር እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ለሚቀጥለው ዓመት ጥያቄውን ልጆቹ ራሳቸው መርጠዋል፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች አይጂኤ የሚባለውን አንቲቦዲያችንን (ጀርም የሚይዝልንን የመከላከያ ፕሮቲን) የሚቆርጥ የራሳቸው ኢንዛይም አላቸው፣ እሱን ነው የምንከታተለው። ለዚህ የማይክሮስኮፕ አምፖል እና ለጉብኝት አውቶብስ ያስፈልገናል። ዘንድሮ ልጆቹ ከኪሳቸው ነው ያዋጡት፣ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች እባካችሁ አግዙን፣ አምፖሉን የምታመጡ ቀጥታ ለክበቡ ስጡን።