ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለ ታሪክ ትምህርቱ

ደሴ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የታሪክ መምህራችን «ባሪያ ያሳድር የነበረን ታላቅ ሰው ዛሬ እንዴት እንመዝነዋለን?» የሚል የቤት ሥራ ከሰጡ ወዲህ ቢሮዬ እንግዳ አላጣም። ገሚሶቻችሁ «አባቶቻችንን አሰደባችሁ» ብላችኋል፤ ገሚሶቻችሁ ደግሞ «ያለፈውን መቆስቆስ ለምን አስፈለገ?» ትላላችሁ። ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ልጆቹ የጀመሩት ከሩቅ ነው። ቶማስ ጄፈርሰን በ1776 እ.ኤ.አ. «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል» የሚለውን የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ያረቀቀ ሰው ነው፤ በዕድሜ ዘመኑ ግን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ብዙዎቹ ተማሪዎች «በዘመኑ ሚዛን ይታይ» ብለው አለፉት። አንዲት ተማሪ ግን በወረቀቷ ጥግ በእርሳስ «ባሪያውስ የዚያው ዘመን ሰው አይደለም? እሱን ማን ጠየቀው?» ብላ ጽፋለች። እኔ ለዚህ መልስ የለኝም። ደግሞም የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1799 እ.ኤ.አ. ኑዛዜው ባሮቹ ነጻ እንዲወጡ አዝዟል፤ ሐሳቡ ለጄፈርሰን እንግዳ ነበር ማለት አይቻልም።

በእኛም ቤት እንዲሁ ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ባርነትን ቢፈቅድም ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይናገራል። ቁርኣንም ባሪያ ነጻ ማውጣትን የኃጢአት ማካካሻ አድርጎታል። እንግዲህ የወሎ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም የሚነግረው አላጣም፤ ሆኖም በዛሬዋ ጅቡቲ ወዳለው የታጁራ ወደብ የሚነዱ ባሮች በዚሁ በአገራችን አልፈዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለዋል፤ እኚሁ ንጉሥ በወሎ ዘመቻቸው የምርኮኞችን እጅ አስቆርጠዋል። ሁለቱን በአንድ ገጽ መጻፍ ስድብ አይደለም።

አገራችን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር (የዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ቀዳሚ) አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሕፃን የነበሩ ሰዎች የአንዳንዶቻችሁ አያቶች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ነገር ከእናንተ ጋር እስማማለሁ፦ ማንም ተማሪ የዘር ሐረጉን በክፍል ውስጥ አይጠየቅም። ጓደኛውን በትውልዱ የሰደበ ደግሞ ወላጁን ይዞ ይመጣል፤ በዚህ ላይ ምልጃ አልቀበልም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአዳራሹ እንገናኛለን፤ መምህሩም ይገኛሉ። የልጆቹ ወረቀቶች ስማቸው ተሸፍኖ ጸሐፊያችን ዘንድ ተቀምጠዋል። ተቃውሞ ያላችሁ አስቀድማችሁ ብታነቧቸው ደስ ይለኛል።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር