ዋልኮት በቃሬዛ የወጣ ቀን

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የሜሪላንድን ብርድ ለመድከው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ተመስገን። ይሄን ያህል ዓመት ዝም ማለቴን ሳስበው አፍራለሁ። አንተ ስልክ ቀየርክ፣ እኔ ቤት ቀየርኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። ሌላ ምክንያት የለኝም። በጣም ናፍቀኸኛል።

የምጽፍልህ ስለ አርሰናል ነው። ስለዚያው በፈረንጆቹ ስለ 2013/14 ቡድን። አንድ ያልከኝ ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ አልሰማሁህም። ባለፈው ቅዳሜ ነው የገባኝ፣ ሳልነግርህ ደግሞ ማደር አልቻልኩም።

ከቶተንሃም ጋር የነበረው የኤፍ ኤ ካፕ ጨዋታ ትዝ ይልሃል? ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ማታ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሎ አንተ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠህ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ። ካዞርላ አንድ፣ ሮዚስኪ አንድ፣ 2 ለ 0። ከዚያ ፈጣኑ አጥቂያችን ዋልኮት ጉልበቱን ተጎዳ። በቃሬዛ ተሸክመውት ሲወጡ ለቶተንሃም ደጋፊዎች በጣቶቹ 2 ለ 0 ብሎ አሳያቸው፣ ቤቱ በሳቅና በጩኸት ተናጋ። አንተ ግን አልሳቅክም። ጭንቅላትህን ይዘህ፣ ስለ ኳስ አቀባያችን፣ "በቃ፣ ኦዚል አለቀለት" አልክ። እኔ ደግሞ "የተጎዳው ዋልኮት፣ አንተ የምታለቅሰው ለኦዚል!" ብዬ ጮህኩብህ።

እንዴት የሚያምር ቡድን ነበር ግን! ጥቅምት ላይ ኖርዊች ላይ የገባችዋን ጎል አሁንም አንዳንዴ ማታ ከፍቼ አያታለሁ። ካዞርላ፣ ዊልሼር፣ ጂሩ፣ ሁሉም በአንድ ንክኪ። ጂሩ በተከላካዮቹ መሃል ሹልክ አደረጋት፣ ዊልሼር ሳያቆም ከመረብ አገናኛት። እንደዚያ ዓይነት ቅብብል ከዚያ በኋላ ብዙ አላየሁም።

አጥቂያችንን ጂሩንም በድለነዋል፣ ይሄን በቅንነት ነው የምልህ። ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ኳስ ሲይዝ ማንም አይነቀንቀውም ነበር፣ በዚያ ዓመት በሊጉ ብቻ 16 ጎል አግብቷል። ፍጥነት ግን አልተሰጠውም። ከጎኑ የሚፈተለክ ሰው ሲኖር ችግር የለም፤ ዋልኮት ሲወጣ ግን የተጋጣሚ ተከላካዮች ከጀርባቸው የሚያሯሩጣቸው ሰው እንደሌለ አወቁ፣ ስለዚህ አልፈሩም፣ ሳይፈሩ ደግሞ ወደ መሃል ሜዳ ተጠጉ፣ እነሱ ሲጠጉ ኦዚልና ካዞርላ የሚጫወቱባት ቦታ እንደ ጠባብ ኮሪደር ሆነች፣ ኳሱ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ጎን ይሄዳል፣ አንዴ ሲቀሙን ደግሞ የመስመር ተከላካዮቻችን ሁለቱም ፊት ወጥተዋል፣ ኋላ የቀረው ሜርትሳከር ነው፤ ማንንም ሮጦ የማይደርስ ሜርትሳከር። ከመሃል ተነስቶ ሳጥን ውስጥ የሚገባልን ራምሴ እንኳ ከታኅሣሥ ጀምሮ ተጎድቶ ነበር። ፈጣን አጥቂ ይመጣል ብለን የጥር የዝውውር መስኮት እስኪዘጋ ጠበቅን። የመጣው ካልስትሮም ነው፤ አማካይ፣ በውሰት፣ ያውም ወገቡን ታሞ።

ወደ ሊቨርፑል ሜዳ፣ ወደ አንፊልድ ስንሄድ እኮ የሊጉ መሪ ነበርን! ቅዳሜ ቀን 9፡45 ተጀመረ፣ በ20 ደቂቃ 4 ለ 0 ተመራን። ያዘዝነው ማኪያቶ ሳይቀርብ። መጨረሻው 5 ለ 1። ያን ቀን ነው ኦዚልን ሰነፍ ያልኩት፣ 42.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደል ገባ ያልኩት። አንተ ለስለስ ብለህ "ለማን ያቀብል? አንድ ሰው ስጡትና ፍረዱበት" አልከኝ። መልስ አልሰጠሁህም፣ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። በመጋቢት ቼልሲ ቤት፣ ያውም በአሰልጣኛችን በቬንገር 1000ኛ ጨዋታ፣ 6 ለ 0 ስንሸነፍ ደግሞ ኦዚል ተጎድቶ አልተሰለፈም ነበር። ያኔም ልቤ አልተመለሰም።

ማንችስተር ሲቲም በታኅሣሥ 6 አግብቶብናል፣ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን እኛም 3 አግብተናል፣ ሁለቱ የዋልኮት ነበሩ። ሊጉ ሲያልቅ በ79 ነጥብ 4ኛ ሆንን፣ ሻምፒዮኑ ሲቲ 86 ነበረው። ያን ያህል አልራቀንም። ጎል ስትቆጥር ግን ሲቲ 102፣ ሊቨርፑል 101፣ እኛ 68። የሊቨርፑሎቹ ስዋሬዝ፣ ስተሪጅና ስተርሊንግ በሚሮጡበት ዓመት እኛ በእግር እንሄድ ነበር።

አሁን ስለ ቅዳሜው ልንገርህ። ትልቁ ልጄ ሰፈር ሜዳ ላይ ይጫወታል፣ መሃል ላይ ነው፣ ኳስ ሲይዝ ደስ ይላል። አብሮት አንድ ቀጭን ልጅ አለ፣ ካልሲው ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የወረደ፣ ኳስ ብዙም አይችልም። ግን ይሮጣል! ልጄ ኳስ በነካ ቁጥር ይሄ ልጅ ከተከላካዮቹ ጀርባ ይፈተለካል። ብዙ ጊዜ ኳሱ አይደርሰውም። ተከላካዮቹ ግን እሱን እያዩ አምስት ስድስት እርምጃ ያፈገፍጋሉ፣ በዚያች ክፍተት ልጄ ቀና ብሎ ያያል፣ ያስባል፣ ያቀብላል። ከዚያ ቀጭኑ ልጅ ጎኑን ወጋውና ውኃ ሊጠጣ ወጣ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ሦስት ልጆች መጥተው ልጄ ላይ ሰፈሩበት። ኳስ ይቀሙታል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እንደገና ይቀሙታል። አንድ አባት ከጎኔ "ያንተ ልጅ ዛሬ ደክሞታል" አለኝ። አልደከመውም ነበር። የሚያቀብለው ሰው ስላጣ ነው።

እዚያው ቆሜ አንተ ትዝ አልከኝ፣ ከነሳጥንህ።

አንተ ልክ ነበርክ። ዘግይቶም ቢሆን ይቅርታ፣ በተለይ ሂሳብ ከፍዬ ትቼህ ስለወጣሁ። ራምሴ በ109ኛው ደቂቃ ሃል ሲቲ ላይ አግብቶ ዋንጫ ስንበላ ተቃቅፈን አልቅሰናል፣ እኔ ግን ያኔም አላነሳሁልህም። ሐምሌ ላይ አንተ ሄድክ። በዚያው ሰሞን አጥቂው ሳንቼዝ ወደ አርሰናል መጣ፣ ሲሮጥ ባየሁት ቁጥር ልደውልልህ እያልኩ ሳልደውል ቀረሁ።

ቁጥሬን ከታች ጽፌልሃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስትነሳ ደውልልኝ፣ እዚህ ከሰዓት ይሆናል፣ ሜዳው ዳር ነው የምገኘው። ቀጭኑን ልጅ በቪዲዮ አሳይሃለሁ።

ወንድምህ